የዶርካስ ቦታ

ባቡሩ ተራራውን ከተሻገረ ወዲህ ከላንካስተር ወደ ካርላይል በሠረገላ የሚሄድ ሰው ጠፋ። በመጨረሻው ቀን ሠረገላው ፈረስ የሚቀይርበት እኛ ማረፊያ ሲደርስ ጉዞው ሊያበቃ፣ ፈረሶቹም ሊሸጡ ተወሰነ። ያልተሸጠው ቆዳና አጥንት ለሚነግደው አራጅ ነው። እሱም ጋሪውን በር ላይ አቁሞ ፒፓውን ያጨሳል። ሠላሳ ዓመት ፈረስ ስቀይር ኖሬ ደክሞኛል፤ ስለ ሌላው ግድ አልነበረኝም። ባዝራዋ ዶርካስ ግን ለአራጅ እንድትሄድብኝ አልፈለግሁም።

ዶርካስ ዕውር ናት። ዘጠኝ ዓመት ሠረገላ ስትጎትት አንድም መንገደኛ አላወቀባትም። ሠረገላው መቃረቡን የሚያሳውቀው ጡሩንባ ሲነፋ ገመዷን እለቃለሁ፤ እሷም ብቻዋን ግቢውን አቋርጣ ቦታዋ ላይ ትቆማለች። ያለዚያ አራት ፈረስ በሁለት ደቂቃ አይቀየርም።

በዚያ በመጨረሻው ቀን ገበሬው ፎሴት ሊገዛት መጣ።

«ዕድሜዋ ስንት ነው?»

«አሥራ አራት።»

«አምናም አሥራ አራት ብለኸኝ ነበር፣ ኢኖክ።»

«እዚህ ቤት ዕድሜ አይቆጠርም፣ ጌታው።»

«ዓይኗስ?»

«ምን ይሆናል ብለው ነው?» አልኩና ገመዷን አሳጥሬ ይዤ አዞርኳት። ወደዳት። ለስምምነት እጁን ዘረጋልኝ።

በዚህ መሃል ጡሩንባው ተነፋ። የሠረገላው ጡሩንባ ነፊ ሳይላስ ፈረስ እንደማይቀየር እያወቀ በልማዱ ነፋው። እኔም ገመዱን ለቀቅሁ። ሠላሳ ዓመት የለመደ እጅ ባለቤቱን አያማክርም።

ዶርካስ ቀጥ ብላ ሄደች። ቦታዋ ላይ ግን የማረፊያው ባለቤት ለሽያጭ ያወጣቸው አግዳሚ ወንበሮች ተከምረው ነበር። በጉልበቷ መታቻቸውና እየተንቀጠቀጠች ቆመች።

ፎሴት እጁን ኪሱ ከተተ። «ዕውር ናት።»

«ናት። ግን አንድ ቀን ወድቃ አታውቅም።»

«እዚህ መንገድ ላይ ነዋ። የእኔ ማሳ ቦይና ድንጋይ ነው።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ሠረገላው ገብቶ ቆመ፤ ፎሴትም ሄደ። አራጁ ዶርካስን ቢጎትታት አልነቃነቅ አለችው። አለንጋውን አነሳ።

«አትምታት» አልኩት። «ጋሪህን እዚያ ቦታዋ አጠገብ አምጣ።»

ወንበሮቹን ብቻዬን አነሳሁ። ዶርካስን ወደ ጋጣው በር መልሼ ሳይላስን ጠራሁት።

«አንዴ ንፋልኝ።»

«ለማን?» አለና ጋሪውን አየ። ጡሩንባውን አነሳ።

ሲነፋ ጆሮዋን አቆመች። ገመዱን ለቀቅሁላት። ማንም ሳይጎትታት ሄዳ ቦታዋ ላይ ቆመች።