የሟቹ ግምገማ

በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ያሉ ባልደረቦቿ «ጉምሩክ» ይሏታል፤ ሳትፈትሽ የምታሳልፈው ነገር የለማ። ማንም በነፃ የሚያነባቸው የሳይንስ ጆርናሎች ለመምህራን ዕድገት የሚቆጠሩት እሷ መርምራ ስትቀበላቸው ነው። ሌላው ሰው ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ የሚናገረውን ቁጥር አይቶ ይፈርማል። እሷ ግን ጽሑፉን ከልቡ ያነበበ ሰው መኖሩን ካላወቀች እንቅልፍ አይወስዳትም። ስለዚህ ከአርታኢዎቹ አንዱን መርጣ ትደውላለች።

ያን ቀን የቀረበላት ጆርናል ቁጥሩ ያማልላል። ልትደውል የአርታኢዎቹን ስም ስታይ ክው አለች። አባቷ አሉ። ፎቶው ሳይቀር፣ ያ ክራባታቸው የተጣመመበት። አባቷ ከሞቱ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል ሰምታለች፤ ሥራ ገብቶ ይውላል ያላት ግን የለም።

ጆርናሉ የገምጋሚዎችን አስተያየት ከየጽሑፉ ሥር ያትማል። አንዱን ከፈተች። ገምጋሚው አባቷ፣ የጽሑፉ ባለቤት ታናሽ ወንድሟ። ከኋላዋ ሰው የቆመ መሰላትና ዞራ አየች። ማንም የለም። ፈራች።

ወንድሟን ላቦራቶሪው ውስጥ ብልቃጥ ሲያጥብ አገኘችው። ዕድገቱ በዚያች ጽሑፍ ላይ እንደተንጠለጠለ ታውቃለች።

«አባባን እዚያ አየኋቸው» አለችው።

ቧንቧውን ዘጋ። «አውቃለሁ።»

«የጆርናሉ ሰዎች ቀጣፊዎች መሆናቸውን እያወቅክ ነው ጽሑፍህን የላክከው?»

«የአባባን ስም ሳይ አላስችል አለኝ። በሕይወት ሳሉ የእኔን አንድ ገጽ አላነበቡም፣ እህቴ። የሚያነቡት ያንቺን ነበር።»

አልዋሸም። ያንገበገባትም ይኸው ነው።

«ጆርናሉን መሰረዜ አይቀርም» አለች። «ዕድገትህም አብሮ ይሄዳል።»

«ይሂድ። በአባባ ስም ማንም አይነግድ።» እጁን በጋዋኑ ጠረገ። «ብቻ ከመሰረዝሽ በፊት ግምገማውን አንዴ አንብቢልኝ። አነጋገርሽ ቁርጥ እሳቸውን ነው።»

እምቢ ልትል ፈለገች፣ አንጀቷ አልቻለም። ስልኳን አውጥታ ቀስ ብላ አነበበች።

«ጽሑፉን ከዳር እስከ ዳር በጥሞና አንብቤዋለሁ። የተደከመበት ሥራ ነው። በርታ፣ ልጄ።»

የመጨረሻው ቃል እዚያ አልተጻፈም። ወንድሟ ጽሑፉን በቃሉ ያውቀዋልና ይህን አልሳተውም።

«እሺ፣ አባባ» አለ።