ያልተንቀጠቀጠው ታክሲ

«በሩን ዝጋው፣ ንፋስ አይደለም የጫንኩት!» ብሎ ሾፌሩ ምዝዌሌኒ ሲጮህ፣ ሙዚዋንዲሌ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ስቦ የኋላ ወንበር ላይ ተሸጉጦ ነበር። ልቡ ከሞተሩ በላይ ይመታል።

በደርባን ዳርቻ ባለችው በኡምላዚ ጎም የሚሠራ ሁሉ ሕጉን ያውቀዋል። ይህ ደረት የሚደልቅ የደርባን የጭፈራ ሙዚቃ መጀመሪያ የሚሰማው በታክሲ ነው። ሠሪው ዘፈኑን ለሾፌሩ ይሰጥና እንደ ማንኛውም መንገደኛ ከኋላ ይቀመጣል፤ ትንፍሽ አይልም። ተሳፋሪው «ጨምረው!» ካለ ዘፈኑ ይኖራል። «ቀንሰው፣ ልትገድለን ነው!» ካለም ይኖራል፤ እዚህ ስድብም ጭብጨባ ነው። ዝም ካለ ግን አበቃለት። በደጉ ጊዜ የሙዚዋንዲሌ ምት አንዲት የተሳፈረች ዶሮ ያለ ቀኗ ሦስት እንቁላል አስጥሏታል ይባላል። ዶሮዋን ያየ የለም፤ እንቁላሉን በላሁ የሚለው ግን ሰፈር ሙሉ ነው።

አሁን ያው ሰፈር «ጎም ሞቷል፣ አዲሱ ሙዚቃ አማፒያኖ ቀብሮታል» ይላል። አጎቱ ወደብ ላይ ሥራ አግኝተውለታል፤ እስከ እኩለ ቀን እሺ ካላለ ቦታው ለጎረቤት ልጅ ይሰጣል። ሙዚዋንዲሌም ለሚስቱ ለኖክዋዚ ምሎላታል፦ ዛሬ ታክሲው ዝም ካለ ወደብ ይገባል፣ ኮምፒውተሩም ይሸጣል።

ዘፈኑ ተጀመረ። ማንም ቀና አላለም። አንዷ ስልኳን ትነካካለች፣ አንዱ ያዛጋል። የሙዚዋንዲሌ ጀርባ በላብ ራሰ።

«ይሄ ጎም ነው እንዴ?» አለች አንዲት ወፍራም ሴት።

«ነበር» አለ አጠገቧ ያለው ጎረምሳ። «እኔ አራተኛ ክፍል ሳለሁ።»

«እንግዲህ ነፍሱን ይማር!» አሉ አንዲት አሮጊት፤ ታክሲው ሳቀ። ጨምረውም ቀንሰውም ያለ የለም፤ ከዚያ እስከ ዋርዊክ ገበያ ጭጭ።

ሙዚዋንዲሌ መውረጃው ሲደርስ ነው መቀመጫው በምቱ እንዳልነዘረው የገባው። እጁን ከወንበሩ ሥር ሰደደ። የነካው ትርፍ ጎማ ነበር።

«አንተ! ትልቁ ድምፅ ማጉያ የት ሄደ?»

ምዝዌሌኒ አንገቱን አከከ። «እሱማ ከፋሲካ በፊት ወጣ። ሰዉ አሁን በስልክ ማውራት ነው የሚፈልገው። አልነገርኩህም እንዴ?»

«አንጀቴን አውጥተህ ነዋ ለፍርድ ያቀረብከኝ!»

«በቃ አትቆጣ፣ ወንድሜ። የንዳቤ ታክሲ ያውልህ፣ እየጫነ ነው። የሱ ማጉያ አለ። ባለፈው አንድ ሽማግሌ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን ከወለል ለቅመው ነው የወረዱት።»

ሙዚዋንዲሌ ደስ ሊለው ሲገባ ፈራ። የጎደለው ማጉያ ዕድሜ ልክ የሚበላ ሰበብ ነው፤ ወደብ ገብቶ «ጎም መቼ ሞተ፣ ማጉያው ወጥቶ እንጂ» እያለ ማርጀት ይችላል። በንዳቤ ታክሲ ውስጥ ዝም ካሉት ግን ምን ይላል?

ስልኩ ጮኸ። አጎቱ ናቸው።

«አንተ ልጅ፣ ትመጣለህ ወይስ አትመጣም? የወደቡ ሰውዬ እኮ አፍጥጦብኛል!»

«አጎቴ... ለጎረቤት ልጅ ይስጡት።»

«አብደሃል? ሚስትህ ታውቃለች?»

«ገና ነው። እሷንም እየፈራሁ ነው።»

ዘፈኑን ለንዳቤ አቀበለው። የኋላ ወንበር ጥግ ላይ ቦታ አለ። ከሾፌሩ ጎን ያለውም ባዶ ነው፤ እዚያ የተቀመጠ የሁሉን ሂሳብ ስለሚሰበስብና መልስ ስለሚመልስ፣ ዓይንም ስለሚበዛበት ማንም አይወደውም። ሙዚዋንዲሌ ለአፍታ ወደ ኋላው ጥግ አየ። ከዚያ የፊተኛውን በር ከፍቶ ገባ፣ ወደ ተሳፋሪዎቹ ዞረና እጁን ዘረጋ።

«እሺ፣ ሂሳብ ወደ ፊት!»