የተደፈኑ ቀዳዳዎች

ከፊንላንዷ ቱርኩ ከተማ ወደ ሰሜን ከተዛወርን ወዲህ የበረዶ ላይ ዳንስ የምለማመድበት ሜዳ ፍለጋ እግሬ እስኪቀጥን ዞርኩ። አንዱ ተዘግቷል፤ ሌላው ክፍት ሰዓት የለውም። የመጨረሻው ሜዳ ጠባቂ፣ ሽማግሌው ኦይቫ፣ ከበረዶ ጫማዬ ስለት ጫፍ ያለውን የመዝለያ ጥርስ አይቶ ፊቱን አኮሳተረ።

«እዚህ የበረዶ ሆኪ ጨዋታ ብቻ ነው። እናንተ ስትዘሉ በረዶውን ትበሱታላችሁ።»

«የበሳሁትን በበረዶ ፍርፋሪ ደፍኜ ነው የምወጣው» አልኩት። ለመከራከር እንኳ አቅም አልነበረኝም።

«ሁሉም እንዲያ ይላል። በይ ግቢ፣ ግማሽ ሰዓት።»

ገባሁ። ደጋግሜ ብሞክርም ዝላዩ አልሆነልኝም። ተስፋ ቆርጬ ልወጣ ስል ጥጉ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች አየሁ፤ ሁሉም በፍርፋሪ ተጠቅጥቀው በእጅ ተደልድለዋል።

«እዚህ የሚዘል ማነው?» አልኩት።

ኦይቫ መጥረጊያውን ተደግፎ በሩን ቃኘት አደረገ።

«ጠዋት ጠዋት እኔ ነኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለሆኪ ተጫዋቾቹ እንዳትነግሪብኝ።»