ቡናማው ደም

አትክልተኛው ጠዋት ደህና ሆኖ ነበር የወጣው። ረፋዱ ላይ ግድግዳ እየያዘ ተመለሰ። ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና ስትል ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል።

“ምን ነካህ አንተ?”

“ራሴን ሊፈልጠኝ ነው። ከጓዳ በኮዳ የያዝኩት ውሃም መረረኝ። ጉንፋን ሊይዘኝ መስሎኝ ሁለቴ ተጎነጨሁት።”

ኮዳው ትዝ አላት። ከትናንት ወዲያ የአረም መድኃኒቱ ጀሪካን ተሰንጥቆ ሲያፈስ፣ የተረፈውን “ለጊዜው” ብላ አሮጌ ኮዳ ውስጥ የገለበጠችው እሷ ናት። ልትነግረውም ረስታለች።

በታክሲ ሆስፒታል ወሰደችው። መንገዱን ሁሉ ፈርታ የኮዳውን ነገር አልነገረችውም። ታላቅ እህቱ በስልክ ሰምታ እየሮጠች ደረሰች።

“ምን አብልተሽው ነው?”

“ምንም፣ እትዬ።”

ነርሷ ኦክስጅን አደረገችለት፤ ከንፈሩ ግን አልቀላ አለ። ሐኪሟ ደም ቀድታ ነጭ ጨርቅ ላይ ጠብ አደረገች። እንደ ቸኮሌት ቡናማ ነው።

“ደሙ ኦክስጅን መሸከም አቅቶታል” አለች። “የሆነ መርዝ ገብቷል። የምታውቁት ካለ አሁኑኑ ንገሩኝ።”

የሰውየው ዓይን እየተከደነ ነው። ከዚህ በኋላ ዝም ካለች፣ ባሏን በገዛ እጇ መቅበሯ ነው።

“የአረም መድኃኒት ነው። ኮዳው ውስጥ የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ እሱ አላወቀም።”

“እስካሁን አፍሽን ምን ለጎመው!” ብላ እህትየው ጮኸች።

“ጠቡ ይቆየን” አለች ሐኪሟ። “ጀሪካኑ አለ?”

ሚስትየው ወደ ቤት በረረች። ጀሪካኑን ከቆሻሻ መጣያው ውስጥ አውጥታ አመጣችው። ሐኪሟ ጽሑፉን አንብባ ጥቁር ሰማያዊ ማርከሻ መድኃኒት በደም ሥሩ ሰጠችው። ሰዓት ሳይሞላ ከንፈሩ ቀላ ማለት ጀመረ። በማግስቱ ከመድኃኒቱ የተነሳ ሽንቱ አረንጓዴ ሲሆን፣ “ቀለም ቤት ልክፈት እንዴ?” ብሎ ሚስቱን ሊያስቃት ሞከረ። አልሳቀችም።

ሐኪሟ ቀይ የደም ሕዋሳቱ ገና ሊፈርሱ እንደሚችሉ ነግራቸው ነበር። እንዳለችውም በሦስተኛው ቀን ዓይኑ ቢጫ ሆነ፤ የደሙ መጠን ወረደ። የእህትየው ደም ገጠመና ሰጠችው። ከሚስትየው ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው ሁለት ቀን ሙሉ ቃል አልተነጋገሩም።

በዘጠነኛው ቀን ቤቱ ገባ። ሚስቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የኮዳውንም ነገር፣ ታክሲው ውስጥ ዝም ማለቷንም ሳትደብቅ ነገረችው።

“ምን ያህል ጊዜ ዝም አልሽ?”

“ግማሽ ሰዓት።”

ብርድ ልብሱን ከላዩ ገፈፈ።

“እኔ ይቅር ብዬሻለሁ፤ እትዬ ግን ጊዜ ይፈጅባታል” አላት። “በይ ደግፊኝ፣ ደጅ ልቀመጥ።”