በአራት ዓመት አንዴ

የ2007 ጳጉሜ ስድስት ዓርብ ዋለች። ጠዋት ክሊኒኩ እንደተከፈተ የመድኃኒት ክፍሏ ጽጌሬዳ፣ የክሊኒኩን ኮምፒውተሮች የምይዘውን እኔን ጠራችኝ።

«ና እስቲ፣ ይሄ ኮምፒውተርህ ዛሬ የሚባል ቀን የለም እያለኝ ነው!»

እውነቷን ነው። «የተሳሳተ ቀን» የሚል ቀይ ጽሑፍ ተገትሯል። ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች ጳጉሜን አምስት ላይ ዘግተዋታል፤ በአራት ዓመት አንዴ የምትመጣዋን ስድስተኛ ቀን ረስተዋታል። ፈረንጅ ቢረሳት ባልገረመኝ። እነዚህ ግን አዲስ አበባ ተቀምጠው ከእኛው ጋር እንቁጣጣሽን የሚያከብሩ ናቸው።

አላወቁም እንዳልል አምና ነግሬያቸዋለሁ። ቀኑን ወደፊት ገፍቼ ሞክሬ፣ ስህተቱን ፎቶ አንስቼ ላክኩ። «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን» አሉኝ። ደግሜ ላክኩ። «በሚቀጥለው አፕዴት ይታያል» አሉኝ። ስዊድን ስማር፣ ስህተት የሚጠቁም ደንበኛ ወርቅ ነው ተብዬ ነበር። እዚያስ እውነት ይሁን አይሁን እንጃ፤ ተማሪ እንጂ ደንበኛ አልነበርኩም።

መስኮቱ ላይ ቡሽራ ቆሟል። ቤቱ ሐኪም ጋራ የሚባለው ተራራ ላይ ነው፤ ኤረር በር በሚባለው የከተማው በር ጫት ይሸጣል። የዘጠኝ ዓመት ልጁ ሳፊያ ስኳር አለባት፤ የቀረቻትን ኢንሱሊን ትናንት ማታ ተወግታ ጨርሳለች። በዚያ ሰሞን ኢንሱሊን ከእኛ ማቀዝቀዣ በቀር ከተማው ውስጥ የለም። ነገ ዘመን መለወጫ፣ ከነገ ወዲያ እሑድ፤ ክሊኒኩ ዝግ ነው።

«ወሪያ ወንድሜ፣ መድኃኒቱ ይኸው ይታየኛል» አለኝ። «ምን ቀረ?»

«ደረሰኝ» አለች ጽጌሬዳ አንገቷን ደፍታ።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ኃይለመስቀል፣ መድኃኒት ከተሰረቀ ወዲህ፣ ኮምፒውተሩ ደረሰኝ ካላወጣ አንዲት ክኒን እንዳትወጣ አዘዋል።

ቀኑን ወደ ጳጉሜ አምስት መለስኩት። ፕሮግራሙ «ቀን ተነካክቷል» ብሎ ጭራሽ ተቆለፈ። ይህችን አልረሷትም!

ኩባንያው ጋ ደውዬ ስልኩን ሁሉም እንዲሰማ አደረግኩት። አንዲት ለስላሳ ድምፅ «ጌታዬ፣ ጥያቄዎ ተመዝግቧል» አለችኝ።

«አምናም ተመዝግቧል!»

«ባለሙያዎቹ ለበዓል ወጥተዋል። አይጨነቁ ጌታዬ፣ በአራት ዓመት አንዴ የሚመጣ ቀን ነው። ነገ በራሱ ይስተካከላል።»

ቡሽራ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ። «አቦ እህቴ፣ የልጄ ስኳርስ በአራት ዓመት አንዴ ነው የሚመጣው?»

«ሌላ የምንረዳዎት ነገር ይኖራል?» አለች።

ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘግቼ አቶ ኃይለመስቀል ቢሮ ገባሁ።

«ሰኞ ይምጣ» አሉ ቀና ሳይሉ።

«እስከ ሰኞ ልጅቷ ልትሞት ትችላለች።»

«ደንብ ደንብ ነው። አንተም ይሄን የፈረንጅ አገር ቁጣህን እዚያው ተወው።»

«እዚያማ ተቆጥቼ አላውቅም፤ ቁጣ የተማርኩት እዚህ ነው» ብያቸው ወጣሁ።

ማቀዝቀዣውን ከፍቼ ብልቃጡን ለቡሽራ ሰጠሁት። «ጽጌሬዳ፣ ከጠየቁሽ እኔ አውጥቼ እንደሰጠሁት ንገሪያቸው።»

«ምኑን?» አለች፤ በረዶ በፌስታል ጠቅልላ እየጨመረችለት።

ቡሽራ «አላህ ይጠብቅህ» ብሎኝ እየሮጠ ባጃጅ ውስጥ ገባ።

ሰኞ ከአቶ ኃይለመስቀል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ከኩባንያውም መልእክት መጥቷል፦ «ያሳወቁን ችግር አሁን አይታይም። ጥያቄዎ ተዘግቷል።» አይታይም! መስከረም ሦስት ቀን ጳጉሜ ስድስትን ፈልገው አጧት።

ጥያቄውን መልሼ ከፈትኩት። ማክሰኞ ዘጉት። ረቡዕ ሳፊያ የአባቷን እጅ ይዛ ለምርመራ መጣች፤ ከረሜላ ስትለምነው ሰማሁ፣ እሱም ሲቆጣት። ገብቼ ጥያቄውን እንደገና ከፈትኩና «የሚቀጥለው ጳጉሜ ስድስት ሲመጣ ይህች ልጅ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው» ብዬ ጻፍኩላቸው።

«ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን» አሉኝ።