የአክስቴ ጣት

ለቴሌቪዥን እንዲስማማ ብዬ የቀየርኩት የሠርግ ቪዲዮ ይንተባተባል። ሶፍትዌሩን አጥፍቼ አበራሁት፣ ደግሜ ጫንኩት፣ ሰደብኩት፤ ወይ ፍንክች! ከሰዓት ደግሞ ሙሽሮቹ ሊወስዱት ይመጣሉ።

አክስቴ ያጠበቡልኝን ሱሪ ይዘው ገቡ። አርባ ዓመት ልብስ ሰፍተዋል፤ ኮምፒውተር ግን ነክተው አያውቁም። ከኋላዬ ቆመው ሙሽራዋ ደረጃ ስትወርድ አዩና «ትደናቀፋለች» አሉ።

«አውቃለሁ እኮ አክስቴ! ኮምፒውተሩ አርጅቶ ነው።»

«ያረጀ ማሽን ስፌት የሚዘለው ባሻው ቦታ ነው። ይሄ ግን በልክ ነው።»

ሙሽራዋ በተደናቀፈች ቁጥር ጠረጴዛውን በጣታቸው መቱ፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ሰዓቴን አየሁ። በሰከንድ አንዴ፣ ዝንፍ የለም።

ክው አልኩ። ካሜራው የቀረጸው በሰከንድ ሃያ አራት ምስል ነው፤ እኔ ሃያ አምስት ብዬ አዝዣለሁ። ሶፍትዌሩ የጎደለችውን ለመሙላት በየሰከንዱ አንዷን ምስል ይደግማል።

ወደ ሃያ አራት መልሼ ቀየርኩና አጫወትኩት። አክስቴ ጣታቸውን አንስተው ጠበቁ። ሙሽራዋ እስከ መጨረሻው ደረጃ ወረደች፤ ጣታቸው አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

«በል ሱሪህን ለካ» አሉኝ፣ ምንም እንዳልሠሩ ሁሉ።