ያልተለቀሰላት ዓፊያ

መንደር አሥራ ስድስት ውስጥ ቆሞ «ዓፊያ!» ብሎ የሚጣራ ሰው ካለ እንግዳ ነው፤ አምስት ሴት ከአምስት በር ብቅ ይሉበታል። የመንደሩ ሰው ግን የማንኛዋ እንደሆነች ሳይለይ አይጣራም፦ «የደባልቄ ዓፊያ»፣ «የትሩፋት ዓፊያ»፣ «ፍንጭቷ ዓፊያ» ይላል። ሁሉም ማተብ ያሰሩ፣ ጾም የማይገድፉ የወሎ ሰፋሪ ልጆች ናቸው። መንደሩ ራሱ ዛሬም በደርግ ቁጥሩ ነው የሚጠራው። ለልጅ ስም ማውጣት እንዲህ የሚያምርበት ሕዝብ ለመንደሩ አንድ ስም እንዴት እንዳቃተው እንጃ።

ምንያህል የሚባለው የዩኒቨርሲቲ መምህር ከአሶሳ በሞተር ሳይክል የመጣው የዓፊያን ስም ነገር ሊጠይቅ ነበር። ስለ ስሞች ያጠናል፤ ሥራ ነው እንግዲህ። የጠየቀው ሰው ሁሉ ጣቱን ወደ አንድ በር ስለቀሰረለት ማክሰኞ ረፋድ ላይ የሺሀረግ ደጅ፣ የቀርከሃ ወንበር ላይ ቁጭ አለ።

«እማማ፣ ዓፊያ ዓረብኛ ነው፤ ጤና ማለት ነው» አላት። «ከዓረብ አገር በነጋዴና በሐጅ ተጓዥ አፍ ወጥቶ ሱዳን ገባ፣ እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ወረደ። በአገሬው በበርታዎች ዘንድ ባገኘው አልገረመኝም፤ ሙስሊሞች ናቸው፣ ከሱዳን ጋር ሲነግዱ የኖሩ ናቸው። እናንተ ቤት እንዴት እንደገባ ግን አልገባኝም።»

«በእግሩ ነዋ» አለች የሺሀረግ። «ወንዙን ተሻግሮ።»

ስድሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ቀልድ አታጣም። ታሪኩንም መቶ ጊዜ ስላወራችው አፏ ሳይደናቀፍ ነገረችው።

የሰባ ሰባቱ ድርቅ እሷንና ባሏን ጎሹን ከወሎ ነቅሎ እዚህ አመጣቸው። በማግሥቱ ዓመት ሐምሌ ላይ፣ ውኃ በሚያፈስ የሣር ጎጆ ውስጥ ሁለት ቀን አምጣ መንታ ሴት ልጆች ወለደች። የመጀመሪያዋ እየጮኸች መጣች። ጎሹ «እናቷ የታገሠችው ትዕግሥት ለስሟ ይሁን» ብሎ ትዕግሥት አላት። ሁለተኛይቱ ግን ጠቁራ፣ ዝም ብላ ወጣች። ያን ጊዜ ነው ጩኸት ሰምታ ከወንዙ ማዶ የመጣችው የበርታ አዋላጅ ሕፃኗን ተቀብላ በአፏ ትንፋሽ የሰጠቻት። «ዓፊያ! ዓፊያ!» እያለች ጀርባዋን ስታሽ፣ ስታሽ፣ ሕፃኗ አለቀሰች። ዓፊያ የሴትዮዋ የራሷ ስም ነበር።

ነገሩን አብራርታ የነገረቻቸው ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ አማርኛ ትንሽ ስትለምድ ነው። «ዓፊያ ጤና ነው» አለች። «አያቴ ትንሽ ልጅ ሆኖ ታመመ። ጨው ይዞ ከሱዳን የመጣ ነጋዴ ቁርኣን ቀራበት፣ ‹ይህ ልጅ ዓፊያ በሉት› አለ። አያቴ ዳነ። ስሙ ከአያቴ ወደ እኔ መጣ። እኔ ሦስት ሴት ወለደ፣ ሦስቱም ዓፊያ አልኩት፣ ሦስቱም ሞተ። አሁን ወደ አንተ ልጅ ሄደ፣ የሺ። ስም ሰው ካጣ ይሞታል።»

ክርስቲያን ልጅ በዚህ ስም መጠራቷ የሺሀረግን ቅንጣት አልከበዳትም። የወሎ ሰው ናት፤ ዓሊ የሚባል፣ ጥምቀትን ታቦት ሳያጅብ የማይውል አያት ነበራት።

«ከዚያ መስከረም ላይ ወባ ገባ» አለችው ለምንያህል። «ጠንካራዋ ትዕግሥት ሞተች፤ ያቺ ስትወለድ ትንፋሽ ያጣችው ዓፊያ ተረፈች። ሰው ሁሉ ተገረመ። ‹ስሙ ነው ያቆማት› ተባለ። በዚያ ዓመት ሴት የወለደ ሁሉ ዓፊያ ብሎ አወጣ። ይኸው ነው።»

ምንያህል ሲጽፍ ቆየ። የሺሀረግ ፊደል አልቆጠረችም፤ እስክሪብቶው ሲሮጥ ግን ዓይኗን መንቀል አልቻለችም።

«ይኸ የምትጽፈው ምን ይሆናል ልጄ?»

«መጽሐፍ ይሆናል እማማ። ቅዳሜ ደግሞ አዋላጇ ዘንድ ሄጄ የእሳቸውንም ቃል እቀበላለሁ። ልጅዎ የት ትገኛለች? የመጀመሪያዋ ዓፊያ?»

«አሶሳ ናት። ልብስ ትሰፋለች» አለች የሺሀረግ፤ ቀልዷ ያን ጊዜ ጥሏት ሄደ።

ምክንያቱም የሞተችው ትዕግሥት አልነበረችም። ዓፊያ ነበረች።

ሰማንያ ቀን ሞልቷቸው ክርስትና ሊነሡ ዘጠኝ ቀን ሲቀራቸው፣ ዓፊያ በእናቷ ጡት ላይ እንዳለች ሞተች። በዚያ ሰሞን ወባው በየቤቱ ሬሳ ያጋድም ስለነበር ለቀስተኛ አልተጠራም። ጎሹ በእናቷ ነጠላ ጠቅልሎ፣ ከመንደሩ ጫፍ ካለው የዋርካ ዛፍ ሥር ቆፍሮ ቀበራት። ጎረቤቱም ከመንታዎቹ አንዷ መሞቷን እንጂ የትኛዋ እንደሆነች አልጠየቀም፤ እያንዳንዱ የራሱን ሬሳ ይዞ ነበር።

አዋላጇ ያን ጊዜ ወርቅ ከወንዝ አሸዋ ልታጥብ ራቅ ወዳለው መንጌ ወርዳ ነበር። ልጅቷ በተቀበረች በስምንተኛው ቀን ተመለሰች። ቤቷ እንኳ ሳትገባ፣ ጭቃ በእግሯ እንዳለ፣ ከሩቅ እየተጣራች መጣች፦ «ዓፊያ የታለ? የኔ ዓፊያ የታለ?» ባጠበችው ወርቅ የገዛችውን የሕፃን ዶቃ፣ ቀይና ሰማያዊውን፣ በጣቷ አንጠልጥላ ነበር።

የሺሀረግ አንዷን ልጅ ታቅፋ ቆማ ነበር። መንታዎቹን ከወላጆቻቸው በቀር የሚለያቸው አልነበረም። አዋላጇ አንድ ልጅ ብቻ ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ሦስት ዓፊያ የቀበረች ሴት ናት፤ አራተኛዋን እየጠየቀች ነው። የሺሀረግ ያን ፊት አየችና አንጀቷ አልቻለም።

«ይቺውልሽ» አለች፣ ትዕግሥትን እያቀበለቻት። «የሞተችው ትዕግሥት ናት።»

አዋላጇ መሬት ላይ ተቀምጣ ስለ ትዕግሥት አለቀሰች፤ እያለቀሰችም ዶቃውን በተረፈችው ልጅ እጅ ላይ አሰረች። ጎሹ ከበሩ ቆሞ ሁሉንም አይቷል። ሴትዮዋ እንደወጣች፣ «ምን አደረግሽ የሺ?» አላት።

«ነገ እነግራታለሁ።»

«ሳይቃጠል በቅጠል ነው እንግዲህ» አላት።

በማግሥቱ አዋላጇ ዶሮ ይዛ መጣች። በሦስተኛው ቀን ወንዝ ማዶ ያሉ ዘመዶቿን ይዛ መጣች፣ «የኔ ስም እዩት» እያለች። በሳምንቱ የደባልቄ ሚስት ሴት ወልዳ ዓፊያ አለቻት፤ ከዚያ ትሩፋት፣ ከዚያ ሌላዋ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። የሺሀረግ ለአንዲት ሴት ደስታ የተናገረቻት ቃል የአንድ መንደር እናቶች መጽናኛ ሆነች። ከዚያ ወዲያ «ተሳስቼ ነው» ለማለት ምን ዓይነት አፍ ይበቃል? ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው።

ዋጥኩት ያሉት ነገር ግን ሁሉ አይፈጭም። በሷ አገር ልቅሶ ስም ተጠርቶ ነው የሚለቀሰው፤ ስሙ ካልተጠራ እንባው መውጫ በር አያገኝም። የመንደሩ ሴቶች ሊያጽናኗት መጥተው «የትዕግሥትን ነፍስ ይማር» ሲሉ ትዕግሥት እጉያዋ ውስጥ ሆና ጡት ትጠባ ነበር። ዓፊያን ጠርታ እንዳታለቅስ ደግሞ ዓፊያ በሕይወት አለች ተብሏል። እንዲህ ሆና ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት። ጎሹ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት እስኪሞት ድረስ የተረፈችውን ልጁን አንድም ቀን በስም አልጠራትም፤ «እቴ» ነበር የሚላት። ልጅቱም በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ከአሶሳ ትመጣና ዋርካው ሥር ካለው መቃብር ሣር ትነቅላለች፤ የእኅቴ የትዕግሥት ነው እያለች።

አሁን ደግሞ ነገሩ ሊጻፍ ነው። በአፍ የተነገረ ውሸት ከተናጋሪው ጋር ይሞታል፤ በመጽሐፍ የገባ ግን እሷም ከሞተች በኋላ የልጇን መቃብር በሰው ስም ሲጠራው ሊኖር ነው። ይህን አልቻለችም። ምንያህል ቅዳሜ ከመድረሱ በፊት፣ ዓርብ ሄዳ ለአዋላጇ ልትነግራት ቆረጠች። ይቅር ትበላት አትበላት ሌላ ነገር ነው፤ ብቻ አንድ ጊዜ፣ በስሟ ባለቤት ፊት፣ ልጇን በስሟ ጠርታ ልታለቅስላት ፈለገች።

ዓርብ ረፋዱ ላይ ወንዙን ተሻገረች። መንገዱን ሁሉ ቃሏን ስትደረድር ሄደች፦ «እትዬ ዓፊያ፣ የማላውቅሽ ሆኜ አይደለም...» ትልና ትተወዋለች፤ «እትዬ ዓፊያ፣ ሦስቱ ብቻ አይደሉም፣ አራተኛዋም...» ትልና ይህንንም ትተወዋለች። የአዋላጇ ደጅ ስትደርስ ሴቶች ማንጎው ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ወንዶቹ በመንገዱ ማዶ ጀናዛ ተሸክመው ሲወርዱ ጀርባቸው ይታያል።

«ዓፊያ ንጋት ላይ ሞተ» አለቻት አንዲት የበርታ አሮጊት፣ እጇን ይዛ። «ቀስ ብሎ ሞተ። ሥቃይ የለም፣ አልሐምዱሊላህ።»

የሺሀረግ ቁጭ አለች። የምትነግራት ሰው የለችም፤ ከእንግዲህም አትኖርም።

ወሬው በስልክ ደርሶ ኖሮ ሰፋሪዎቹም መጡ። የመንደሩ ዓፊያዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አንድ ላይ ተቀመጡ። በመጨረሻ ልጇ ከአሶሳ በባጃጅ ደረሰች፤ ያ የሕፃን ዶቃ፣ ክሩ እየተለወጠ፣ እየረዘመ፣ ዛሬም በቀኝ እጇ ላይ ነበር።

የሺሀረግ ዶቃውን ስታይ ነው የፈነዳችው።

«ዓፊያዬ! ዓፊያዬ! ልጄን!»

«የሺ፣ ጮኸህ አታልቅስ» አለች አሮጊቷ፤ «ሀራም ነው።» የሺሀረግ ግን አልሰማቻትም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንደሚባለው የሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ አንድ ላይ መጣ። ደረቷን እየመታች፣ በወሎ ዜማ አወረደችው፦

«ዓፊያ የኔ ዓፊያ የሰባ ቀን እንግዳ፣
ዶቃሽ ሳይደርስልሽ የገባሽ አፈር ጓዳ።
በሰው ስም ቀበርኩሽ ስምሽን ነጥቄ፣
ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት እንባዬን ደብቄ።»

መጀመሪያ ሰፋሪዎቹ ለአዋላጇ የወጣ ሙሾ መስሏቸው አብረው አለቀሱ። «የሰባ ቀን» ሲባል ግን አንድ በአንድ ልቅሷቸውን አቋርጠው ቀና አሉ። አዋላጇ ሰማንያ ዓመት ያለፋት ሴት ነበረች።

ልጇ መጥታ ፊቷ ተንበረከከች። «እማዬ፣ የማንን ልቅሶ ነው የምታለቅሺው?»

«የእኅትሽን።»

«እኅቴ ትዕግሥት ናት።»

የሺሀረግ ራሷን ነቀነቀች። «ዓፊያ ናት። የሞተችው ዓፊያ ናት። ሴትዮዋ ዶቃ ይዛ መጣች፣ ፊቷን አየሁት፣ አቃተኝ። አንቺን ሰጠኋት።»

ከዓፊያዎቹ አንዷ፣ የደባልቄ ዓፊያ፣ «ታዲያ እኛ በሞተች ልጅ ስም ነው የምንጠራው?» አለች።

«እኔስ?» አለች ልጇ፣ በቀስታ። «እኔ ማን ነኝ?»

«ትዕግሥት» አለች የሺሀረግ።

ልጅቱ አቤት አላለችም። ያን ስም የምታውቀው ከመቃብር ላይ ነው፤ ሣር ስትነቅልለት የኖረችው እሱን ነው። እጇን ወደ አፏ ወስዳ የዶቃውን ክር በጥርሷ በጠሰችው፤ የእናቷን መዳፍ ገልብጣ ዶቃውን አስቀመጠችና ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈችላት።

«የሷ ነው» አለች። «ስጪያት።»

ተነሥታ ወደ ወንዙ መንገድ ሄደች። የሺሀረግ ልትጠራት አፏን ከፈተች፤ በየትኛው ስም እንደምትጠራት አጣች። «ልጄ!» አለች በመጨረሻ። ልጅቱ ቆመች። ዞራ አላየቻትም፤ እናቷ በዝግታ እስክትደርስባት ድረስ ግን አልተራመደችም።

ወንዙን ተሻግረው ዋርካው ሥር ደረሱ። የሺሀረግ ተንበርክካ በጣቷ አፈሩን ጫረች፣ ዶቃውን ከተተች፣ መልሳ አለበሰችው። «ዓፊያዬ» ብላ ጠራች፤ ማንም ተይ አላላትም፤ የቻለችውን ያህል አለቀሰች። ልጇ ፈንጠር ብላ ቆማ ስትሰማት ቆየች። በኋላ እሷም ጎንበስ አለችና፣ እንደየዓመቱ፣ ሣሩን መንቀል ጀመረች።